ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ

በበጋ ጠዋት ከከተማዋ በላይ ካለው ኮረብታ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያያል። ከየማሳው የሚነሳው ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ግን በቃህ የተባለ ይመስል ይቆማል። ቆሞም አይቀር፣ ወደ ጎን ይተኛል። ከሌላው ማሳ የወጣውም እዚያው ከፍታ ላይ ደርሶ ይተኛል። ጥቂት ቆይቶ ከተማዋ ግራጫ ነጠላ ተከናንባለች።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ነው ደስ የሚለው። አየር ሲሞቀው ይነሳል፣ ሲበርደው ይቀመጣል። ቀን ላይ መሬት ትሞቃለች፣ በላይዋ ያለውም አየር ሞቆ ይነሳል፣ ጭሱን አንጠልጥሎት ይሄዳል። የበጋ ሌሊት ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት አውጥታ ትጨርስና እንደ ድንጋይ ትቀዘቅዛለች፤ ላይዋ ያለው አየርም አብሯት ይቀዘቅዛል። ከሱ በላይ ሞቅ ያለው አየር ይቀራል። ቀዝቃዛው ከባድ ነውና አይነሳም፣ ሞቃቱ ቀላል ነውና አይወርድም። ድስቱ ተከደነ ማለት ነው። ከተማዋን ዙሪያዋን ኮረብታ ስለከበባት የድስቱም ጎን አልጎደለም።

አሁን ደግሞ የዚህን ክዳን ሁለተኛ ሥራ ልብ በሉ። ድምፅም እንደ ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ መጥፋት ይወዳል። ክዳኑ ባለበት ጠዋት ግን ወደ ላይ የወጣው ድምፅ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። ሌላ ጊዜ ከመንገድ ማዶ የማይሰማ ጥሪ ያን ጠዋት ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ጭስ የሚታፈንበት ጠዋትና ድምፅ ሩቅ የሚሄድበት ጠዋት አንድ ጠዋት ነው። ይህ ነገር በአንድ ሰው ኑሮ ላይ ምን እንዳደረገ ነው የምንተርከው። ሰውየውን ከተማው ሁሉ ጡሩምባ ይለዋል።

ጡሩምባ ድምፁን ያሳደገው አውቶቡስ ተራ ነው። ወጣት ሳለ መንገደኛ እየጠራ የሚሞላ ረዳት ነበር። “አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!” ይላል፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩና ከዝንቦቹ በቀር ማንም ሳይኖር። ጓደኞቹ በጉሮሯቸው ስለሚጮኹ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ድምፃቸው ይዘጋል፤ እሱ ግን ከሆዱ ነው የሚያወጣው። ደግሞም ማንም ሳያስተምረው አንድ ነገር ደርሶበታል። ከሩቅ ያለ ሰው የሚሰማው የንግግሩን ጫፍ ነው፤ መካከሉን ጫጫታ ይበላዋል። ስለዚህ ዋናውን ቃል መጨረሻ ላይ ያደርገውና እንደ ሙጫ ይጎትተዋል። የሚሄዱበት ከተማ ስም ከአፉ ወጥቶ ሳያልቅ ተሳፋሪው በሩ ላይ ደርሷል።

ሚስቱም በድምፁ ነው የመጣችለት ማለት ይቻላል። ከተራው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ትሰፋ ነበር። ቀኑን ሙሉ ትሰማዋለች፣ አይታው ግን አታውቅም። አንድ ቀን ኪሱ የተቀደደ ጃኬት ይዞ ገባ። ያ ሁሉ ድምፅ ሴት ፊት ሲቆም ይጠፋበታልና በሹክሹክታ፣ “ይቺን ትሰፊልኛለሽ?” አላት።

ከመርፌዋ ቀና ሳትል፣ “አንድ ሰው የቀረህ አንተ ነህ?” አለችው።

“ማን ነገረሽ?”

“አገር ምድሩ እየሰማ ማን ነገረሽ ይለኛል! ስንት ጊዜህ ነው አንድ ሰው ቀረኝ ስትል። ሰውዬው አይመጣም እንዴ?”

“ሰውዬ መች አልኩ? ሴትም እኮ ሰው ናት።”

“ኪስህ ነገ ይደርሳል” አለችው። በማግስቱ ኪሱ ደረሰ፤ ሌላውም ነገር ቀስ እያለ ደረሰ። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ፣ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አቆሙት፣ ኑሮ ጀመሩ።

ማዘጋጃ ቤቱ ጡሩምባን የቀጠረው የማቃጠል እገዳ በወጣ ዓመት ነው። ገበሬው ለክፋት ብሎ አይደለም የሚያቃጥለው። ከመጀመሪያው አጨዳ በኋላ ማሳው ላይ የሚቀረው አገዳ ጉልበት ይደርሳል፤ ሁለተኛውን ዘር ለመዝራት ያለው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። በማጭድ ለመጥረግ የሰው ኃይል የለም፣ በመኪና ለማስጠረግ መኪናው የለም። ክብሪት ግን አለ። ክብሪት አገዳውን ብቻ አይደለም የሚያነሳው፤ አይጡን ያባርራል፣ የአረሙን ዘር ይፈጃል። ጫካ ዳር ያሉት ደግሞ ቁጥቋጦው ማሳቸው እንዳይገባ ዳር ዳሩን ይለኩሱታል። እሳቱ አንዳንዴ ወደ ጫካው ልሻገር ይላል፤ ያኔ አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ቅጠል ይዘው ይደበድቡታል፣ ይሞታል። ቀላል ዘዴ ነው፤ የሚሠራው ግን ሰው እሳቱ አጠገብ እስከቆመ ድረስ ብቻ ነው።

ከእገዳው በፊት ሁሉም በየራሱ ጊዜ ነበር የሚያቃጥለው። የአንዱ እህል ቀድሞ ይደርሳል፣ የሌላው ይዘገያል። ጭሱ በጋውን ሙሉ ነበረ፣ ግን ስስ ነበር። ቆይቶ የሚያስል ሰው ሲበዛ ሕግ ወጣ። በጋው ሲበረታ ማቃጠል ይታገዳል፤ አላወቅሁም የሚል እንዳይኖር እገዳው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። በጣም የታሰበበት ይመስላል፣ አይደል?

የማዘጋጃ ቤቱ ፒካፕ ላይ ሁለት ሞንታርቦ ታሰረ። ጡሩምባ ማይኩን ይዞ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። የተሰጠውን ማስታወቂያ ዋና ቃል እንደ ልማዱ ወደ ጫፍ አዞረው።

“ለከተማችንና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ! ገለባ፣ ቁጥቋጦና ቆሻሻ ማቃጠል በጥብቅ ክልክል ነው፣ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ! ከሰኞ! ሰኞ!”

ሹፌሩ ሳያላግጥ መዋል የማይችል ሰው ነበር። “ወንድሜ” ይለዋል፣ “ይቺን ሰኞ እንዲህ ስትጎትታት ማክሰኞ ትደርሳለች።”

ጠዋት ጠዋት ክዳኑ ሳይከፈት ነበር የሚዞሩት፤ ድምፁም ወንዙን ተሻግሮ እስከ ጫካው ዳር ይደርስ ነበር። ማዶ ያለው ገበሬ ገለባ የሚለውንም ክልክል የሚለውንም አይሰማም። ሰኞ የሚለውን ይሰማል፣ ይበቃውም ነበር። ገበሬዎቹ ፒካፑን ሲያዩ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ጡሩምባ የወደዱት መስሎት እሱም ያውለበልባል። አንድ ዓመት በዚያው ሰሞን ጉሮሮው አብጦ አስቸገረው፤ ሲሻለው የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ አስጠርቶ ማስታወቂያውን በመቅረጫ አስነገረው። “ቅጂዋ ለክፉ ቀን ትቀመጥ” አለ። ያን ቀን ድምፁ እንደ መስታወት ጠርቶ ነበር።

የሚስቱ ደረት መታፈን የጀመረው እገዳው ከወጣ ጥቂት በጋዎች ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን አሉት። ቀጥሎ ሐኪም ቤት አስም ተባለ፣ ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጣት። ባልዋ መስኮቱ ላይ እርጥብ አንሶላ ይሰቅላል። እርጥብ አንሶላ ምን ይይዛል? ጥላሸቱን፣ የተቃጠለውን ቅጠል ፍርፋሪ ይይዛል። ሲያወርዱት ውሃው ጥቁር ነው፣ ይህም ሰውን ያጽናናል። ደረት ዘልቆ የሚገባው ብናኝ ግን ከክር ቀዳዳ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሰተት ብሎ ያልፋል። ሐኪሙ ይህንን ሲነግራት ጨርቅ ታውቃለችና አልተከራከረችም።

“ይሁን” አለች። “መተንፈሱ ባይቀለኝ ማየቱ ይቀለኛል።”

ልብ ያላሉት ነገር ነበር። የምትታፈነው በጋውን ሁሉ አልነበረም። ፒካፑ ከሚዞርበት ቀን አንስቶ እስከ ሰኞ ነበር። ጡሩምባ በዚያ ሳምንት ሥራ ይበዛበታል፤ ጭሱ ሲወፍር ድምፁን ይጨምራል። ሰኞ መጥቶ ጭሱ ሲያልቅ “አየሽ፣ ሰሙኝ” ይላታል። እሷም ደስ እንዲለው “ሰሙህ” ትለዋለች።

ዓይኑን የገለጠችለት አንዲት ገበሬ ናት። ወደ ወንዝ ማዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ፒካፑን አስቁማ፣ “አንተ ጡሩምባ! ዘንድሮ ምነው ቆየህብን? አንተ ሳትመጣ ማን ይጀምራል!” አለችው።

ስቆ አውለበለበላት። ትንሽ እንደሄዱ ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። “ምንድነው ያለችው?” አለ።

ሹፌሩ ማርሽ እየቀየረ፣ “አንተ እስክትነፋ እየጠበቁ ነው አለችህ። ምነው፣ አታውቅም ነበር? እኔ እያወቅህ ዝም ያልክ መስሎኝ” አለው።

“ምኑን ነው የማውቀው?”

“ሰኞ የሚባል ነገር ባይኖር የሚጣደፍ አለ? አንተ ሰኞ ስትል ሰውየው ክብሪቱን ከኪሱ ያወጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል የሚባለው? እኛ የበጋውን ሎሚ ሁሉ ሰብስበን አንዲት ሳምንት ላይ ጫንነው።”

ጡሩምባ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ወደ ሚስቱ ታላቅ ወንድም ሄደ። ማሳው ከወንዙ ማዶ፣ ጫካው ጥግ ነው። እሳቱ እንዳያልፍ ዳሩን ሲመነጥር አገኘው።

“ወንድም ጋሼ፣ ዘንድሮ እንኳን ተወው። እህትህ መተንፈስ አቅቷታል።”

“አፈንካት ልትለኝ ነው? ይቺ እፍኝ የማታህል ማሳ?”

“ሁሉም እኮ እንዲህ ይላል።”

“ሁሉም ካለማ እውነት ነው።” ማጭዱን አስቀምጦ ላቡን ጠረገ። “ስማኝ። ሰኞ ካለፈ ያስሩኛል፤ ሳያልፍ ካላቃጠልኩ አልዘራም። ሰኞን ያመጣህብኝ አንተ ነህ። ድሮ እኮ ከሰዓት፣ ነፋሱ ሲነሳ ነበር የምንለኩሰው፤ ጭሱን ይዞት በተራራው ላይ ያልፋል። አሁን ሁሉም ጎረቤቱ ሳይቀድመው ከጠዋት ይለኩሳል። ነፋስ የሚጠብቅ የለም። የምንጠብቀው አንተን ነው።”

ሰውየው ያለው ነገር ልክ ነው። ከሰዓት መሬት ሞቃ ክዳኑ ይከፈታል፤ ጭስ መውጫ ያገኛል። የድሮ ገበሬ ምክንያቱን ባያብራራውም ሰዓቱን ያውቅ ነበር። ሕጉ ሰዓቱን ወሰደበትና ቀን ሰጠው።

ጡሩምባ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም መቆሚያ አጣ። በመጨረሻ እንባዋን እየጠረገች፣ “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ጭስ ቢያብር ደግሞ እኔን” አለችው።

በዚያ በጋ ሐኪም ቤት ሰነበተች። ሲወጡ ሐኪሙ ባልዋን ለብቻው ጠርቶ፣ “ሌላ እንዲህ ያለ ሳምንት ከመጣባት ሳንባዋ ወደ ነበረበት አይመለስም” አለው።

ቀጣዩ በጋ ሲቃረብ ጡሩምባ ኃላፊው ቢሮ ገባ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ስቦለት አስቀመጠው።

“ጌታዬ፣ ቀኑን አስቀድመን ባንናገረውስ?”

“ያልሰማውን ሕግ ጣሰ ብዬ ሰው ብከስ ዳኛው ይስቅብኛል።”

“እንግዲያው በተራ እናድርገው። ዛሬ አንዱ ሰፈር፣ ነገ ሌላው፣ ከሰዓት ነፋስ ሲኖር።”

“ማቃጠል ክልክል ነው ብዬ ለበላይ አሳውቄ ሳስቃጥል ልገኝ?” ኃላፊው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። እሱም ጭሱ ያቃጥለው ነበር። “የእኔም እናት ታስላለች። ግን እገዳው ከጀመረ ወዲህ ከሰኞ በኋላ አንድ እሳት ታይቶ አያውቅም። የሚሠራ ነገር እንዴት ልንካ?”

እውነቱን ነው። ከሰኞ በኋላ የሚቃጠል ነገር አይቀርም ነበር።

እገዳው የሚነገርበት ጠዋት ጡሩምባ ፒካፑ ውስጥ ተቀመጠ፣ ማይኩን እፍ አለበት፣ ከሆዱ ተነፈሰ። “ገለባ፣ ቁጥቋጦና ቆሻሻ ማቃጠል በጥብቅ ክልክል ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ! ከዛሬ! ዛሬ!”

ሹፌሩ መኪናውን ሊያቆም ምንም አልቀረው። “አንተ ሰውዬ፣ ምን አልክ?”

“ንዳ።”

“ሰኞስ?”

“ሰኞን ዘንድሮ አልጎተትኳትም።”

ሹፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያላግጥበት ነገር አጣ። ነዳ።

ሠራ! ማሳው ላይ የነበሩት ሰዎች ክብሪት እንደያዙ ቀሩ። ማክሰኞ ሰማዩ ሰማያዊ ነበር። ረቡዕም። ኮረብታዎቹ ከነዛፎቻቸው አንድ በአንድ ይታዩ ነበር። ጡሩምባ አንሶላውን ከመስኮቱ አወረደው፤ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ደጅ አስወጥታ ፀሐይ ላይ ሰፋች። ጎረቤቶቿ እያዩ፣ “ምነው ዘንድሮ አማረብሽ?” ይሏታል። “ባሌ ሰማዩን አጥቦልኝ ነው” ትላቸዋለች። ባልዋ ያደረገውን ነግሯታል፤ ፈርታለች፣ ኮርታለችም።

እሑድ ጠዋት፣ “ነይ ወንዙን ላሳይሽ” አላት። ስንት በጋ ሙሉ ወንዙን አይታው አታውቅም። ራሷ የሰፋችውን ቀሚስ ለበሰች። መድኃኒቷን የስፌት መኪናዋ ላይ ትታው ወጣች። ሳምንቱን አልነካችውም ነበርና ትዝም አላላት።

ወንዙ የከተማዋ ዝቅተኛ ቦታ ነው። ይህ ደግሞ ማወቅ የሚገባን የመጨረሻው ነገር ነው፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፣ በውስጡ ያለውንም ይዞ ይወርዳል። ድልድዩ ላይ ቆመው ሚስቱ በረጅሙ ተነፈሰች። “ውሃ ውሃ ይሸታል” አለች፣ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው።

ከማዶ አንድ ጭስ ተነሳ። ጡሩምባ አንድ ሞኝ ነው ብሎ አለፈው። ከጎኑ ሌላ ተነሳ። ቀጥሎ በጫካው ዳር በሙሉ ተከታትሎ ተነሳ፤ ክዳኑ ጋ ደርሶ ተኛ፣ ከዚያ በወንዙ ሸለቆ ቁልቁል መፍሰስ ጀመረ። የሳምንቱ ጭስ ሁሉ በአንድ ጠዋት መጣ። መመለሻው ዳገት ነበር። ጥቂት እንደወጡ ሚስቱ ቆመች። ቦርሳዋን ከፈተች፣ በረበረች፣ ቀና ብላ አየችው። የምትናገርበት ትንፋሽ አልነበራትም።

ሊሸከማት ሞከረ፣ አልቻለም። መንገዱ ዳር አስቀምጧት ጮኸ። ምን ብሎ እንደሚጮህ አላሰበም፤ የወጣለት የድሮው ጥሪ ነው።

“አንድ ሰው! አንድ ሰው!”

ክዳኑ ሥራውን ሠራ። ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማሳውን አልፎ፣ ጫካው ዳር ደረሰ። እዚያ ቅጠል ይዘው እሳታቸው አጠገብ የቆሙት ሁሉ ሰሙት፣ የማን እንደሆነም አወቁ። ምን እንደሚል ለማዳመጥ የቆየ አልነበረም። ጡሩምባ ከመጣ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና መጥቷል፣ መኪናው ከመጣ ሊያስሩን ነው አሉና ቅጠሉን ጥለው ሮጡ። እሳቱ ብቻውን ቀረ።

ጥሪውን በትክክል የሰማው አንድ ሰው ነው። ከድልድዩ በላይ የሚኖረው ሹፌር ፊቱን ሲታጠብ ሰማና ሳሙናውን ሳያለቀልቅ ፒካፑን አስነስቶ ወረደ። በኋላ ሲጠይቁት፣ “የሥራ ድምፁን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ አለ? ያ የሥራ አልነበረም” አለ።

ሐኪም ቤት አፏ ላይ ኦክስጅን ተደረገላት። ጡሩምባ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ነርሷ ስሙን ስትጠይቀው ድምፁ አልወጣለትም። ከሰዓት በኋላ ወንድምየው መጣ። ጫማው አመድ ነበር።

“ማን ነገራችሁ?” አለው ጡሩምባ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ።

“ቅዳሜ ቢሮ ሄጄ ኃላፊውን ራሱን ጠየቅሁት። ሳላውቅ ሕግ እንዳልጥስ ብዬ ነው እኮ! እስከ ሰኞ ትችላላችሁ አለኝ። ለጎረቤት ነገርኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ…”

“ዛሬ ጠዋት ስጮህ አልሰማኸኝም?”

“ሰማሁህ።” ወንድምየው ጫማውን ነው የሚያየው። “ትእዛዙ ተለውጦ ልትይዘን የመጣህ መስሎኝ ሮጥኩ። ሁላችንም ሮጥን። እሳቱ ጫካ ገባ።”

“ምን እንደምል አልሰማህም?”

“አንተ ሰኞ ከማለት በቀር ሌላ ነገር ብለህ ታውቃለህ?”

ከበሩ ወዲያ እህትየው ስትስል ይሰማ ነበር። ወንድምየው ገብቶ ሊያያት ተነሳ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ልብሱን አሸተተ፣ ጭስ ጭስ ይላል፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

ጫካው ዝናብ እስኪመጣ ነደደ። ከተማዋ እንዲህ ያለ በጋ አይታ አታውቅም። ማዘጋጃ ቤቱ ምክንያቱን አጣራና አገኘው፤ ማስታወቂያ ነጋሪው ያልተባለውን በመናገር ሕዝቡን አደናግሯል። ኃላፊው ይህን ሲነግረው አልተቆጣም፣ እንዲያውም አዝኖለት ነበር። “ሚስትህ እንደታመመች አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው ከሥራ ያላስወጣሁህ” አለው። ጡሩምባ የመጋዘን በር ጠባቂ ሆነ። ደግነቱ ሥራው ድምፅ አይጠይቅም። ያን ጠዋት በጭስ ውስጥ የተሰነጠቀው ጉሮሮው አልተመለሰም፤ ከሁለት ክንድ ርቀት በላይ አይሰማም።

ሚስቱ ቤቷ ተመለሰች። ሳንባዋ ግን ሐኪሙ እንዳለው አልተመለሰም። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ጥቂት ከረገጠች በኋላ ቆማ አየር መለመን አለባት፤ ስለዚህ ደንበኞቿ አንድ ባንድ ሌላ ልብስ ሰፊ ለመዱ። መኪናው መስኮቱ ሥር እንደቆመ ነው። አሁን የአንሶላ መዘፍዘፊያው ባልዲ ይቀመጥበታል።

ዘንድሮም በጋ ገባ። ባልና ሚስት ጠዋት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ከታች ከአውራ ጎዳናው የፒካፑ ድምፅ መጣ። ከፒካፑ ላይ የወጣት፣ የጠራ፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ተነሳ።

“…በጥብቅ ክልክል ነው፣ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ! ከሰኞ! ሰኞ!”

ጡሩምባ የራሱን ድምፅ አወቀው። ለክፉ ቀን የተቀመጠችው ቅጂ ነበረች። ድምፁ በበራቸው አለፈ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ጫካው የነበረበት ቦታ ድረስ ሄደ። በበጋ ጠዋት ሩቅ ይሄዳልና።

ሚስቱ ድምፁ ርቆ እስኪጠፋ አዳመጠችው። አንድ ጊዜ ከተራው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ሳታየው ስታዳምጠው እንደነበረው ነው።

“እንዴት ያምር ነበር” አለች።

ከማዶ የመጀመሪያው ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣ ጀመር። የማን ማሳ እንደሆነ ከዚህ አይለይም።

“በል ተነስ፣” አለችው፣ “አንሶላውን አርጥብልኝ።”